የጋራ ዲማ አቧራ

ኢርፋን በከሚሴ ከተማ የታወቀው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ስምንተኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ ተምሮ በአራተኛው ዓመት መምህሩ «አንተ ቆይ፣ እኔ ልሂድ» ብሎ መቀየሩ። ሁለተኛው ውሸቱ ነው። ውሸት ሲባል ታዲያ ሰው የሚያጣላ አልነበረም፤ የቦርከና ወንዝ አዞ አርጅቶ ጥርሱ ስላለቀ ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ ከውሃው ብቅ ብሎ ሳሙና ያቀብላል ያለው እሱ ነው። ባቲ ላይ ሲሞቅ ጥላ ራሱ ጥላ ፍለጋ ግመል ሆድ ሥር ይገባል ያለውም እሱ ነው። ሰው ይስቃል፣ ጫማውን አራግፎ ይሄዳል። «ወላሂ» ሲል ደግሞ ይበልጥ ይስቃሉ። ወላሂው እንደ ባጃጅ ጎማ ተልጦ አልቋል።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ ዓፊያ ዘንድ ተማሪ ሆኖ የገባው። ዓፊያ አዲስ አበባ ካርቱን የሚሠራ ድርጅት ውስጥ አምስት ዓመት ቆይታ ተመልሳ፣ ከቆርቆሮ ሻጩ ሱቅ በላይ ሁለት ክፍል ተከራይታ ማስተማር የጀመረች ሴት ናት። የምታስተምረው በኮምፒውተር እሳት ማንደድ፣ ጎርፍ ማስወረድ፣ ጢስ ማጨስ ነው፤ ሁሉም ለካርቱን ፊልም የሚሆን። ኢርፋን ይህን የሰማ ቀን «ውሸት የሚያስተምር ትምህርት ቤት ተከፍቶ እስከ ዛሬ ዝም አላችሁኝ?» ብሎ በሩጫ ተመዘገበ።

ነገሩ ግን እንዳሰበው አልሆነም። በአፉ ሲዋሽ ሰው ቢያንስ ቆሞ ይሰማው ነበር፤ በኮምፒውተር የሠራው እሳት ግን የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል፣ ጎርፉም እንደ ጄሶ ይተኛል። ዓፊያ ለልጆች የሚሆን የግመል ቅፍለት ካርቱን ጀምራ፣ ግመሎቹን ለጎበዟ ተማሪዋ ለነዋል፣ አቧራውን ለኢርፋን ሰጠች። ኢርፋን ከጀርባ የሚሆነውን ቦታ ከሳምንት በፊት በስልኩ ቀርጾ አመጣ፤ የአጎቱ ግመሎች የሚውሉበት፣ ጋራ ዲማ የሚባለው ቀይ ኮረብታ ነው። ነዋል ግመሎቿን ስላልጨረሰች በምስሉ ላይ ያለው ባዶው ኮረብታና ከኋላው የሚነሳው የኢርፋን አቧራ ብቻ ነበር።

ዓፊያ አሥራ አንድ ጊዜ መለሰችበት።

«ይሄ ጢስ ነው» አለችው አንዴ። «ይሄ ዱቄት ነው» አለችው ሌላ ጊዜ። «ይሄ ደግሞ ምን እንደሆነ ራሱም አያውቅ።»

«አቧራ ነው እኮ።»

«አቧራ ክብደት አለው፣ ኢርፋን። እያንዳንዷ ቅንጣት መቼ እንደምትወለድ፣ ምን ያህል እንደምትከብድ፣ መቼ እንደምትሞት አንተ ነህ የምትነግራት። አንተ ሁሉንም ባንድ ቀን ወልደህ ባንድ ቀን ትቀብራቸዋለህ።»

ስለዚህ ከሥር ጀመረ። ኮምፒውተሩ አቧራው ከስንት ቦታ ይነሳ ብሎ ሲጠይቀው፣ ሌላ ቁጥር ስላልመጣለት የአጎቱን ግመሎች ብዛት ሰላሳ ስምንትን ሞላ። ለትልልቁ ሰፊ እርምጃ፣ ለግልገሎቹ አጭር ሰጣቸው። ሙሉ ቀን ሲያቃስት የዋለው ላፕቶፕ አሥራ ሁለተኛውን አቧራ አወጣ።

ዓፊያ አየችው፤ ደገመችው። «እኔ እንጃ» አለች በመጨረሻ። «አቧራ ለሚያውቅ ሰው አሳየው። ግን ምን እንደሆነ እንዳትነግረው! ምን ይታይሃል ብለህ ብቻ ጠይቅ። ከነገርከው ስህተቱን ይፈልጋል እንጂ ነገሩን አያይም። አዲስ አበባም ስንሞክር እንዲህ ነበር።»

አቧራ የሚያውቅ ሰው ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። የእናቱ ወንድም ሙሀመድኑር ዕድሜውን ከግመል ኋላ የፈጀ ሰው ነው። ቆላው ላይ አቧራ ሲነሳ አይቶ እንስሳው ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ ጠግቦ ይሁን ተርቦ ይናገራል። የነጂውን እናት ስም ይናገራል የሚባለው ግን የኢርፋን ጭማሪ ነው።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር፤ ሙሀመድኑር ከእህል ተራው ጀርባ ጥላ ሥር ተቀምጧል።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ አጎቴ። አከም ቡልተን?»

«ወዓለይኩመሰላም። ነገያ፣ አልሐምዱሊላህ። ዛሬ ደግሞ ምን ይዘህ መጣህ? አዞው ልጁን ዳረ?»

እህል ሻጮቹ ሳቁ። ኢርፋን አልሳቀም፤ አቧራውን የጫነበትን ስልኩን ዘረጋ። «ይቺን ይዩልኝ። ምን ይታይዎታል?»

ሽማግሌው ስልኩን ከፀሐይ ሸሽጎ አየ። «ጋራ ዲማ ነው።» እንደገና አስጀመረው። ፈገግታው ከፊቱ ወረደ። «ግመል ነው። ፍየል ቢሆን አቧራው መሬት ላይ ይተኛል፤ ከብት ቢሆን እየተቆራረጠ ነው የሚሄድ። ይሄ ወደ ላይ ነው የወጣው፤ እግሩ ረጅም ነው።» ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ይቆጥራል። «ሰላሳ… ሰላሳ አምስት… ሰላሳ ስምንት።»

የኢርፋን ጸጉር ቆመ።

«እየሮጡ ነው» አለ አጎቱ፣ ድምፁ ቀጥኖ። «መሪ የላቸውም፤ ፊት ለፊቱ ተበትኗል። ግልገሎቹ ኋላ ቀርተዋል። ሰው ነው የሚነዳቸው፣ ያውም የማያውቁት ሰው። መቼ ነው ያነሳኸው?»

እዚህ ላይ እውነቱ አጭር ነበር፤ «እኔ ነኝ የሠራሁት» ማለት ነው። ግን ኢርፋን በሃያ አራት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አምኖታል። የእምነቱ ጣዕም አፉ ውስጥ ገብቶ እንደ ማር ቀለጠ፤ ምላሱም እንደ ልማዷ ቀደመችው።

«ዛሬ ጠዋት» አለ።

ሙሀመድኑር ዱላውን ሳይሆን የኢርፋንን ስልክ ይዞ ብድግ አለ። «ቶይባ!» ብሎ ጮኸ። ቶይባ ልጁ ናት፤ ከግመሎቹ ጋር ያለችው እሷ ናት፤ እዚያ ደግሞ ኔትወርክ የለም። «እነ እንድሪስ ናቸው! አላህ ያውቃል፣ እነ እንድሪስ ናቸው!»

ኢርፋን ያኔ ነው የገባው። እንድሪስና ሙሀመድኑር አምና ኤላ ጉራቻ በሚባለው ጉድጓድ ውሃ ተጣልተው፣ የአንዱ ክንድ ተሰብሮ፣ የሌላው ግመል ተወግቶ፣ በስንት ልመናና በስንት ዱአ ነው የታረቁት። አሁን አጎቱ ክላሹን ይዞ ከወረደ፣ እንድሪስም ክላሽ አለው።

«አጎቴ! ቆዩ! ውሸት ነው! እኔ ነኝ የሠራሁት፣ በኮምፒውተር!»

ሙሀመድኑር ዞሮ አየው፤ በአዘኔታ ነው ያየው። «አንተ? አፍ እንጂ እጅ መቼ ተሰጠህና? ደም እንዳይፈስ ብለህ ነው፤ አላህ ይስጥህ።»

«ወላሂ ነው የምልዎት!»

እህል ተራው በሳቅ ተንከተከተ። ሳቁ ሳያልቅ አጎቱ ሁለቱን የወንድሙን ልጆች ጠርቶ፣ በአይሱዙዋቸው ወደ ቤት በረረ። ክላሹ ያለው ቤት ነው።

ኢርፋን የዓፊያን ደረጃ ሦስት ሦስቱን እየዘለለ ወጣ። እየቆራረጠ ነገራት።

«ዛሬ ጠዋት አልከው?»

«አመለጠኝ።»

ዓፊያ ልትሰድበው አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። «ሳትነግረው ጠይቅ ያልኩህ እኔ ነኝ» አለችና ላፕቶፑን አነሳች። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፤ ባትሪው አርባ አንድ ከመቶ ላይ ነበር። «የት ነው የሚሄደው? በቀጥታ እንድሪስ ወዳለበት ጉድጓድ?»

«አይ። መጀመሪያ አበጋሩ ዘንድ ነው።»

እውነቱን ነው። ወሎ ውስጥ በአበጋር፣ በአስታራቂው ሽማግሌ፣ ፊት የታረቀ ሰው፣ ተበደልኩ ቢል እንኳ መጀመሪያ ለአበጋሩ እርቁን ሳይመልስ፣ ማለትም ፈርሷል ሳይል፣ እጁን አያነሳም። ያስታረቀው አባ አብዱልፈታህ የሚኖረው ወደ ቆላው በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። አጎቱ እዚያ ይቆማል። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆም ግን አላህ ነው የሚያውቀው።

የነጂብን ባጃጅ ያዙ። ነጂብ ጉዳዩን ሲሰማ ሊስቅ ፈልጎ ዓፊያን አየና ተወው። ጠጠር መንገዱ ላይ ባጃጇ እንደ ቆሎ ተንጣጣች። ኢርፋን ላፕቶፑን እንደ ሕፃን አቅፎ፣ ከፊት የአይሱዙን አቧራ ይፈልጋል። አንድ የፍየል መንጋ መንገዱን ዘግቶ እንደ ሙሽራ ሲያዘግም፣ ነጂብ ጡሩምባውን ነፋ፣ ኢርፋን ወርዶ ፍየሎቹን አንድ በአንድ ለመነ። አንዷ ፍየል ዓይን ዓይኑን እያየች አልንቀሳቀስም አለች። ያቺ ፍየል ብቻ ናት ስሙን ያልሰማች፤ እሷም አላመነችውም።

አበጋሩ ደጅ ሲደርሱ አይሱዙው ሞተሩ አልጠፋም። የጦር መሣሪያ ወደ አበጋር ግቢ ስለማይገባ፣ ከወንድም ልጆቹ አንዱ ክላሹን ይዞ እሾህ አጥሩ አጠገብ ቆሟል።

አባ አብዱልፈታህ ቀጭን፣ ነጭ ጢማም ሽማግሌ ናቸው፤ ቁርበት ላይ ተቀምጠው ስልኩን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ያያሉ። ሙሀመድኑር ፊታቸው ቆሟል።

«ተነድተዋል» አሉ አበጋሩ ዝግ ብለው። «እኔም የማየው ይህንኑ ነው።»

«እንግዲያ እርቁን መልሻለሁ፣ አባ።»

«አይመልሱ!» ኢርፋን ጮኸ፤ ሮጦ ገብቶ በጉልበቱ ወደቀ። «አባ፣ እኔ ነኝ። አቧራው የእኔ ነው። ግመሎቹ ምንም አልሆኑም።»

አበጋር ፊት የዋሸ ሰው ዓመት አይደርስም ይባላል። ኢርፋን ይህን ያውቃል።

«እና ለምን ዛሬ ጠዋት አልከው?» አሉ ሽማግሌው።

«ስላመኑኝ።»

«ስላመነህ ዋሸኸው?»

«ከዚያ በፊት ማንም አምኖኝ አያውቅም፣ አባ።»

«አባ» አለ ሙሀመድኑር፣ «ይህ ልጅ ውሸታም መሆኑን ከሚሴ ሁሉ ያውቃል። ውሸታም ዋሸሁ ሲል ይታመናል? ልጄ ከግመሎቹ ጋር ናት! ቆሜ ወሬ ልስማ?»

አበጋሩ ወደ ኢርፋን ዞሩ። ሞተሩ ከውጭ ያጓራል። «እስቲ አሳየን» አሉ።

ኢርፋን ላፕቶፑን ከፈተ። ሃያ ዘጠኝ ከመቶ። አንዲት ቁልፍ ሲነካ አቧራው ጠፍቶ ባዶው ጋራ ዲማ ቀረ።

«አጠፋው!» አለ አጎቱ። «አያችሁ? ማስረጃዬን አጠፋው!»

ኢርፋን አቧራውን መለሰው።

«ደብቆት ነበር» አለ አጎቱ።

ቀለሙን አረንጓዴ አደረገው።

«ቀባው! እኔስ ቤቴን ቀለም ብቀባው ቤቱን ፈጠርኩት ማለት ነው?»

ዓፊያ ግንባሯን ያዘች። በሽማግሌዎቹም አይፈረድም፤ ዕድሜ ልካቸውን ያለ እግር የተነሳ አቧራ አይተው አያውቁም። እግር ከሌለ አቧራ የለም፤ አቧራ ካለ እግር አለ።

አበጋሩ ዱላቸውን መሬት ላይ አሳረፉ። «ሙሀመድኑር፣ እኔ ግቢ ውስጥ ግመል አለ?»

«የለም።»

«ከአጥሬ ኋላስ?»

«የለም፣ አባ።»

«ልጄ፣ እንግዲያ እዚሁ አምጣልኝ።» ግቢው ውስጥ ካለችው ዛፍ ጥላ ፊት በዱላቸው መሬቱ ላይ ጫሩ። «የዛፏ ጥላ ይችን ጭረት እስክትነካ። ከነካች በኋላ ሙሀመድኑርን አላስቆመውም።»

ጥላዋና ጭረቷ መካከል አንድ ክንድ አይሞላም።

ዓፊያ በራሷ ስልክ ቀረጸች፤ ሽማግሌው ቁርበታቸው ላይ፣ ከኋላቸው እሾህ አጥሩና ደረቁ ሜዳ። በገመድ ወደ ላፕቶፑ አስገቡት። ባትሪው ሃያ አንድ። ያኛው አቧራ ሙሉ ቀን የፈጀ ነው፤ ይህኛው ያለው ጥቂት ደቂቃ ነው።

«ቅንጣቱን ቀንስ» አለችው ዓፊያ በሹክሹክታ። «ጥራቱንም ጣለው። ክብደቱን ብቻ እንዳትነካ።»

ቀነሰ። አስነሳ። ላፕቶፑ እንደ ወፍጮ ጮኸ። አሥራ አራት። መቁጠሪያው እንደ ኤሊ እየተሳበ ሄዶ ሲጨርስ፣ አቧራው ከአበጋሩ ፊት ለፊት፣ ልክ ከጢማቸው ውስጥ ቡልቅ ብሎ ወጣ።

በአጥሩ ላይ ተንጠራርቶ የሚያየው ወጣት ሳቀ። ሙሀመድኑር አልሳቀም። «ይኸው» አለ። «አልቻለም። አባ፣ ልሂድ።»

«ጥላዋ አልደረሰችም።»

«ከኋላቸው ነው መሆን ያለበት» አለች ዓፊያ። «አበጋሩን ከምስሉ ለይተህ ቁረጣቸው። ዙሪያቸውን በእጅህ ክበብ።»

ኢርፋን በጣቱ የአበጋሩን ጥምጥም፣ ትከሻ፣ ክርን ተከትሎ መሥመር ያዘ። ጆሯቸው ላይ ስቶ መለሰ። ዘጠኝ። ላቡ ቁልፎቹ ላይ ተንጠባጠበ። አይሱዙው ማርሽ አስገባ። ጥላዋ ከጭረቷ አንድ ጣት ቀራት። ኢርፋን ብዙ ጊዜ ዋሽቷል፤ ሲዋሽ ግን እንዲህ ተጨንቆ አያውቅም። ስድስት። «ቢስሚላህ» ብሎ ተጫነ።

መቁጠሪያው ሄደ። ቆመ። ሄደ። አራት።

«እዩ» አለ።

ላፕቶፑን ወደ ሽማግሌዎቹ አዞረ። ምስሉ ሸካራ ነበር፤ ከነዋል ፊት ቢያቀርበው ያፍርበታል። አባ አብዱልፈታህ ምስሉ ውስጥ በሰላም ተቀምጠዋል። ከዚያ ከአጥራቸው ኋላ አንድ ነገር ከፍ አለ፤ መጀመሪያ ቀጭን፣ ከዚያ ወፈር፣ ከዚያ ፊቱ እየተበተነ በቀጥታ ወደ ጀርባቸው መጣ።

ሙሀመድኑር «አባ!» ብሎ ወደ አጥሩ ዞረ። እጁ ክላሹን ፍለጋ ተወረወረ።

አጥሩ እንደ ነበረ ነው። ሜዳው ባዶ ነው። አንዲት ዶሮ መሬት ትጭራለች።

ላፕቶፑ ጠፋ።

ከውጭ የአይሱዙው ሞተርም ጠፋ።

«ዞረሃል» አሉ አበጋሩ።

«ዞሬያለሁ» አለ ሙሀመድኑር። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ በአንድ ጊዜ ያረጀ መሰለ። «ያ ረቢ። ላልተሰረቀ ግመል ሰው ልገድል ነበር።»

ኢርፋን ሊያጽናናው አፉን ከፈተ፤ አበጋሩ በዱላቸው አስቆሙት። «አላለቀም። እነዚህ የሙሀመድኑር የወንድም ልጆች መንገድ ላይ የእንድሪስን ስም እየጠሩ ነው የመጡ። ወሬው እስካሁን ጉድጓዱ ዘንድ ደርሷል። ከሰው አፍ ከሚሰማው ከእናንተ ይስማው። መሣሪያው እዚህ ይቅር። ሁለታችሁም ውረዱ። የምትናገረው ግን አንተ ነህ» አሉት ኢርፋንን፣ ስልኩን እየመለሱለት። «አንዲት ቃል እንዳትጨምር።»

በአይሱዙው ወረዱ። ዓፊያ ላፕቶፑን ይዛ በነጂብ ባጃጅ ወደ ከሚሴ ተመለሰች።

ኤላ ጉራቻ ሲደርሱ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላ ነበር። ቶይባ ግመሎቹን ታጠጣለች፤ አባቷን ስታይ እጇን አውለበለበች። ሙሀመድኑር ከመኪናው ሳይወርድ በዓይኑ ቆጥሮ ሲጨርስ ትንፋሹን ለቀቀ። ነገር ግን ከጉድጓዱ ማዶ እንድሪስ ቆሟል፤ ረጅም፣ ደረቅ ሰው ነው፤ ክላሹ ከትከሻው ወርዶ በክንዱ ላይ ነው። ከኋላው ሦስት ሰዎች አሉ።

«በዚህ ሐሩር በአይሱዙ?» አለ እንድሪስ። ሰላምታ አላስቀደመም። «ምን አመጣችሁ?»

ኢርፋን አፍ ውስጥ በአንድ ጊዜ ሰባት መልሶች ተደረደሩ። ግመል ልናይ። ልንዘይር። ቶይባን ልንወስድ። ሁሉም ያምራሉ፤ ማናቸውም ማንንም አያስቆጡም። አጎቱ ወደ እሱ አላየም፤ መሬት መሬት ነው የሚያየው።

«አቧራ ሠራሁ» አለ ኢርፋን። «በኮምፒውተር። ለአጎቴ አሳየኋቸው። ዛሬ ጠዋት የተነሳ ነው ብዬ ዋሸኋቸው። እርስዎ ግመላቸውን የነዱ መሰላቸው። ክላሽ ይዘው ተነሱ። አበጋሩ ናቸው የመለሱን።»

ከእንድሪስ ኋላ ያሉት ሰዎች ተያዩ። አንደኛው የመሣሪያውን መቆለፊያ ሲነካ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ግመሎቹ ብቻ ውሃውን እየማጉ ጠጡ።

«አሳየኝ» አለ እንድሪስ።

ኢርፋን ስልኩን ሰጠው። እንድሪስ አየው፤ እንደገና አየው። ከንፈሩ እንደ አጎቱ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ቀና ብሎ ሙሀመድኑርን ረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«ይሄን ያየህ ጊዜ እኔ መሰልኩህ?»

«መሰልከኝ» አለ ሙሀመድኑር።

«በለስላሳው መሬት? በጠራራ ፀሐይ? አርባ የሚጠጋ ግመል እያስሮጥኩ?» የእንድሪስ ድምፅ ከፍ አለ። «ሰላሳ ዓመት ስታውቀኝ፣ ሙሀመድኑር፣ እንዲህ ያለ ደደብ ሌባ ነው ብለህ ነው የገመትከኝ? እኔ ብነዳቸው በድንጋያማው በኩል ነበር የምወስዳቸው! አንዲት ቅንጣት አታይም ነበር!»

የሙሀመድኑር ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ ኢርፋን ያለቀሰ መስሎት ደነገጠ። እየሳቀ ነበር። እንድሪስ እስካሁን ተቆጥቷል፣ ንዴቱ የእውነት ነው፤ ግን ክላሹን ለሚቀጥለው ሰው አሳልፎ ሰጠ፤ ቶይባንም «ለአባትሽ ወተት ስጪው፣ ጉሮሮው ደርቋል» አላት። ሙሀመድኑር ከቅሉ ተጎነጨና ለእንድሪስ አቀበለው። እንድሪስ ትንሽ ያዘው፣ ከዚያ ጠጣ።

ስልኩን ለኢርፋን ሲመልስለት ግን አልሳቀም። «አጥፋው።»

ኢርፋን አሥራ ሁለት ጊዜ የሠራውን ነገር አየው። ሦስት አዋቂዎች አይተውት ሦስቱም አምነውታል። ዳግመኛ እንዲህ ያለ ይሠራ እንደሆነ አያውቅም። ጣቱን አስቀመጠ፤ ጠፋ።

«ሌላ ቦታ አለ?»

የለም የምትለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር።

«አለ» አለ ኢርፋን። «ከሚሴ፣ ላፕቶፕ ላይ።»

እንድሪስ አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «እንግዲያ እኔም ካንተ ጋር እሄዳለሁ» አለና ወደ አይሱዙው አመራ። «ሲጠፋ በዓይኔ ካላየሁ አላምንህም።»